ዌብ ሰርቨሩ እንቢ ሲል፦ በሊኑክስ ላይ የአጫጫን እክሎች ዳሰሳ

አፓቼን ኡቡንቱ ላይ መጫን የአንድ መስመር ትእዛዝ ሥራ ነው። ኢንተርኔቱ ካልተቆራረጠ ብዙ ደቂቃ አይፈጅም። ብራውዘሩ ተከፍቶ የሚጠበቀው ገጽ ሲቀር ግን ያች ጥቂት ደቂቃ ሌሊቱን ሙሉ ትወስዳለች። እኔም ሙያውን ስጀምር እንዲህ ያለ ሌሊት አሳልፌያለሁ። ፓኬጁን አራገፍኩ፣ መልሼ ጫንኩ፣ ደግሜ አራገፍኩ። ሊነጋጋ ሲል የስህተት መዝገቡን ብከፍት ቀድሞ የተጫነ ሌላ ዌብ ሰርቨር 80 ቁጥር ፖርትን እንደያዘው የሚናገር አንድ መስመር አገኘሁ። ያ መስመር ከመጀመሪያው ሙከራ ጀምሮ እዚያው ተጽፎ ነበር።

ማራገፍና መልሶ መጫን በጣም የተለመደው ሙከራ ነው፤ የሚፈውሰው ግን ከስንት አንዴ ነው። በደቢያንና በኡቡንቱ ላይ ተራው የማራገፊያ ትእዛዝ ፕሮግራሙን ያነሳል እንጂ የማዋቀሪያ ፋይሎቹን አይነካም። ስለዚህ የተበላሸው መስመር በቦታው ይቆይና አዲሱ ጭነት ከአሮጌው ስህተት ጋር ይገናኛል። ፋይሎቹም አብረው እንዲጠፉ «ፐርጅ» የተባለው ትእዛዝ ያስፈልጋል።

እክሎቹን ለመረዳት ሶፍትዌሮቹ ከየት እንደመጡ ማወቅ ይረዳል። (ቀናቱና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ለሕዝብ ያቀረበው በ1991 ነው። አፓቼ የተወለደው በ1995 ሲሆን፣ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሚገኝ የኮምፒውተር ማዕከል ተሠርቶ ባለቤት ያጣውን ሰርቨር በየፊናቸው ሲጠግኑ የነበሩ ሰዎች ጥገናቸውን አንድ ላይ አሰባስበው ነው የጀመሩት። በዓመቱ ከሁሉ በላይ የተስፋፋ ዌብ ሰርቨር ሆነ። ኢንጂንኤክስ የተባለውን ሌላ ዌብ ሰርቨር ደግሞ ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶየቭ በ2004 ለሕዝብ ለቀቀው፤ ዓላማው በአንድ ማሽን ላይ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ግንኙነቶችን በአንዴ ማስተናገድ ነበር።

ሊኑክስ በብዙ እጅ ስለተሰራጨ አንዱ አፓቼ በየቤቱ ስምና ጠባይ ይለያያል። በደቢያን ቤተሰብ ውስጥ ፓኬጁ «አፓቼ 2» ይባላል፤ በሬድ ሃት ቤተሰብ «ኤችቲቲፒዲ» ነው። ሰርቨሩ የሚሠራበት የተጠቃሚ ስም፣ የማዋቀሪያ ፋይሎቹ ማደሪያ፣ የሎጉ ፋይል ስም ሁሉ ይለያል። ደቢያን ጭነቱ እንዳለቀ ሰርቨሩን በራሱ ያስነሳል። ሬድ ሃት ግን ጭኖ ዝም ይላል፤ ማስነሳቱም፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ እንዲነሳ ማዘዙም የባለቤቱ ፋንታ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር «ሰርቨሬ ጠፋ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህችን ሁለተኛዋን ትእዛዝ ዘሏታል። ለአንደኛው ቤተሰብ የተጻፈ መመሪያ ለሌላው እንደማይሆን ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ሊነገረው ይገባል።

ጭነቱ ራሱ ሲከሽፍ ምክንያቱ ጥቂት ነው። ከበስተጀርባ ሌላ ዝመና እየተካሄደ ከሆነ የፓኬጅ አስተዳዳሪው «ተቆልፏል» ይላል፤ መፍትሔው መጠበቅ ነው እንጂ የቁልፍ ፋይሉን መሰረዝ አይደለም። የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀበት አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የፓኬጅ ዝርዝሩም «ገና አልጸናም» ተብሎ ይጣላል። ሰዓቱን ማስተካከል ብቻ ይበቃል። ሦስተኛው የእድሜ ጉዳይ ነው። የሬድ ሃት ቤተሰብ አባል የሆነው የሴንትኦኤስ 8 ድጋፍ በታኅሣሥ 31 ቀን 2021፣ የሴንትኦኤስ 7 ደግሞ በሰኔ 30 ቀን 2024 አብቅቷል፤ የፓኬጆቹ ማከማቻም ወደ ማኅደር ተዛውሯል። የአሮጌ ስሪት አድራሻ እየፈለጉ ከመድከም አዲስ ስሪት መጫን ይሻላል፤ የደኅንነት ጥገና የማያገኝ ማሽን ለሕዝብ መከፈት የለበትም።

ተጭኖ አልነሳ ካለስ? እዚህ ላይ ሲስተምዲ የሚባለው የአገልግሎቶች አስተዳዳሪ ይጠየቃል፤ ሁኔታውንና የመጨረሻዎቹን የሎግ መስመሮች ያሳያል። ከሁሉ በፊት ግን የማዋቀሪያ ፋይሉን ማስፈተሽ ነው። አፓቼም ኢንጂንኤክስም ለዚህ የራሳቸው መፈተሻ አላቸው፤ የጎደለች ድርብ ሰረዝ (;) ወይም ያልተዘጋ ቅንፍ ካለ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ይነግራሉ። አፓቼ «የሰርቨሩን ሙሉ ስም በእርግጠኝነት ማወቅ አልቻልኩም» ሲል ብዙዎች ይደነግጣሉ። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሰርቨሩን ከመነሳት አያግደውም። የስም መስመር በማዋቀሪያው ውስጥ ሲጨመር ይጠፋል። ከ1024 በታች ያሉ ፖርቶች ደግሞ በተለምዶ ያለ አስተዳዳሪ ሥልጣን ስለማይከፈቱ፣ ተራ ተጠቃሚ ሆኖ ሰርቨሩን በ80 ላይ ለማስነሳት መሞከር ትርፉ ድካም ነው።

ሰርቨሩ ተነስቶም ከውጭ የማይታይበት ጊዜ አለ። መጀመሪያ ከዚያው ማሽን ላይ ሆኖ ገጹን መጠየቅ ነው። ከውስጥ ከመጣና ከውጭ ካልመጣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ እንጂ ሰርቨሩ ላይ አይደለም። ብራውዘሩ የሚሰጠው መልስም ይለያያል። «ግንኙነቱ ተከልክሏል» የሚል መልስ ወዲያው ከመጣ ማሽኑ ተገኝቷል፤ በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ ግን የለም ማለት ነው። ጥያቄው ተንጠልጥሎ ቆይቶ ጊዜው ካለፈ ብዙውን ጊዜ ፋየርዎል ጥያቄውን ዝም ብሎ እየጣለው ነው። ማሽኑ በኪራይ ደመና ላይ ከሆነ ፋየርዎሉ ሁለት ሊሆን ይችላል፦ አንዱ በማሽኑ ውስጥ፣ ሌላው በአከራዩ ገጽ ላይ። ሁለተኛውን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚያስጨንቀው ግን 403 የተባለው የስህተት ቁጥር ነው፤ «አይፈቀድም»። ሊኑክስ ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ወደ ፋይሉ የሚወስደውን እያንዳንዱን ማኅደር ይመረምራል። ከላይ አንዱ ከተዘጋ ታች ያለው ቢከፈትም ዋጋ የለውም። ከኡቡንቱ 21.04 ጀምሮ አዲስ የሚፈጠሩ የተጠቃሚ ማኅደሮች ለባዕድ የተዘጉ ናቸው፤ ስለዚህ በቀድሞው መመሪያ ድረ ገጹን በራሱ ማኅደር ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ምንም ሳያጠፋ 403 ይመጣበታል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ለሁሉም ሰው ሁሉንም ፈቃድ ይሰጣሉ፤ በቁጥር 777። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። በማሽኑ ላይ ያለ ማንኛውም ፕሮግራም፣ የተጠለፈውም ጭምር፣ ገጾቹን መለወጥ ይችላልና። ትክክለኛው መንገድ ድረ ገጹን በተመደበለት ቦታ አስቀምጦ ለሰርቨሩ የማንበብ ፈቃድ ብቻ መስጠት ነው።

በሬድ ሃት ቤተሰብ ላይ ሌላ ጠባቂ አለ፦ የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ የጀመረው ኤስኢሊኑክስ። ፈቃዱ ሁሉ ልክ ሆኖ 403 ከቀጠለ የሚጠረጠረው እሱ ነው። እያንዳንዱ ፋይል መለያ አለው፤ ፋይል ከግል ማኅደር ሲዛወር የቀድሞ መለያውን ይዞ ይሄዳል፣ ሲገለበጥ ግን የአዲሱን ቦታ መለያ ይወስዳል። «ሪስቶርኮን» የሚባለው ትእዛዝ መለያውን ያስተካክላል። ጠባቂውን ጨርሶ ማጥፋት የሚመክሩ አሉ፤ የበር ቁልፍ ስለጠፋ በሩን እንደመንቀል ነው።

502 ሲመጣ ደግሞ ዌብ ሰርቨሩ ራሱ ደኅና ነው፤ ከኋላው ያለው፣ ለምሳሌ ፒኤችፒን የሚያስኬደው አገልግሎት፣ ወድቋል ወይም በተሳሳተ አድራሻ ይፈለጋል። የፒኤችፒው ኮድ በገጹ ላይ እንዳለ ከታየ ሰርቨሩን ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል፤ የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ለዓለም ተገልጦ ሊሆን ይችላል።

የአማርኛ ገጽ ለሚያስተናግድ ሰው የተለየ እክል አለ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ሰርቨሩ ገጹን ሲልክ የላቲን አጻጻፍ ነው ብሎ ካስታወቀ፣ አንዱ ፊደል በሦስት የማይነበቡ ምልክቶች ይተካል። ገጹ ውስጥ ዩቲኤፍ 8 ተብሎ ቢጻፍም ብራውዘሩ የሚያስቀድመው የሰርቨሩን ቃል ነው። የቆዩ የአፓቼ ማዋቀሪያዎች እንዲህ ያለ የላቲን መስመር ነበረባቸው። ስለዚህ «አማርኛው ተበላሸ» የሚል ቅሬታ ሲመጣ ፎንቱን ከመቀየር በፊት የሰርቨሩን ራስጌ ማየት ይገባል።

አንባቢዬ ሆይ፣ እርዳታ ከመጠየቅዎ በፊት ሦስት ነገር ይጻፉ፦ የስርጭቱን ስምና ስሪት፣ የስህተቱን መስመር ቃል በቃል፣ በመጨረሻ የነካኩትን ፋይል። ይህን ይዞ ለሚመጣ ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይገኛል። መፍትሔውን ሲያገኙ ደግሞ እባክዎ በአማርኛ ጽፈው ያስቀምጡት፤ ከእርስዎ በኋላ በዚያው ስህተት ላይ የሚያመሽ ሌላ ጀማሪ አለ።