ከእንቅልፍ የማይነቃው ኮምፒውተር፦ ጥፋቱ የማን ነው? መረጃንስ እንዴት ማዳን ይቻላል?

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ፣ በጉዴሌ ሰፈር ኮምፒውተር ይዞ ለሚሠራ ሰው የመብራት ነገር የየዕለት ሐሳብ ነው። ከተማዋ ለዓመታት በአብዛኛው በግል ጄኔሬተር ስትጠቀም ቆይታ በአውሮፓውያኑ 2019 ዓ.ም. 33 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የኃይል ጣቢያ ተመርቆላታል። ሆኖም ጄኔሬተርና የፀሐይ ኃይል ዛሬም ከነዋሪዎች ሕይወት አልወጡም።

ጄኔሬተሩ ሲጠፋ የጀመሩትን ሥራ ሳይዘጉ ባትሪ ለመቆጠብ ቀላሉ መንገድ ላፕቶፑን ከድኖ 'ማስተኛት' ነው። ችግሩ የሚመጣው ሲከፈት ነው። አንዳንዴ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የማውሱ ጠቋሚ ይንቀሳቀሳል፤ የተነካው ፋይል ግን አይከፈትም። ብዙዎች "ዲስኩ ሞተ" ብለው ይደመድማሉ። ዲስኩ ግን ጤነኛ ሆኖ ጥፋቱ እርሱን የሚያዝዘው ሶፍትዌር፣ ማለትም የድራይቨሩ ሊሆን ይችላል።

ኮምፒውተር ሲተኛ ምን ይሆናል?

የኮምፒውተር የእንቅልፍ ደረጃዎች የተደነገጉት ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በ1996 ይፋ ባደረጉት 'ኤሲፒአይ' በተሰኘ መስፈርት ነው። በተለመደው እንቅልፍ፣ በስሊፕ፣ ፕሮሰሰሩና ዲስኩ ኃይል ይቋረጥባቸዋል፤ የተከፈተውን ሥራ የያዘው ራም ብቻ ጥቂት ኃይል ያገኛል። በሐይበርኔት ግን በራም ላይ ያለው ሁሉ ወደ ዲስክ ተገልብጦ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።

ኮምፒውተሩ ሲነቃ ራሙ የያዘውን አልረሳም። የዲስኩ መቆጣጠሪያ ግን ኃይል ሲቋረጥበት የነበረበትን ቅንብር ይዘነጋል። ስለዚህ ድራይቨሩ መቆጣጠሪያውን እንደገና ማስጀመር፣ ከዲስኩ ጋር ያለውን ግንኙነት ማደስና የትእዛዝ ወረፋውን መልሶ ማደራጀት አለበት። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ፍጥነቱን እስኪያገኝ ጥቂት ሰከንዶች ይፈልጋል። ድራይቨሩ ሳይታገሥ ትእዛዝ ከላከ ወይም ከቅንብሩ አንዱን ከዘለለ ዲስኩ መልስ አይሰጥም።

ጠቋሚው እየተንቀሳቀሰ ፋይል የማይከፈተው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ጠቋሚውን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ቀድሞውኑ በራም ላይ አለ፤ አዲስ ፋይል ግን ከዲስክ መነበብ አለበት።

ማስረጃው ለምን ይጠፋል?

ኮምፒውተር ስህተት ሲገጥመው የሚመዘግበው በዲስክ ላይ ነው። እዚህ ግን የታመመው መዝጋቢው ራሱ ነው፤ ሕመሙን እንዲናገር የሚጠበቅበት አንደበቱ የተዘጋ በሽተኛ እንደማለት ነው። ተጠቃሚው ማሽኑን በግድ ሲያጠፋ በራም ላይ የቀረው መልእክት አብሮ ይጠፋል።

የሊኑክስ መሥራች ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2006 ለዚህ ያልተለመደ መላ ዘየደ። የኮምፒውተሩ ሰዓት የራሱ ትንሽ ባትሪ ስላለው ማሽኑ ቢጠፋም መቁጠሩን አያቆምም። በመሆኑም እያንዳንዱ መሣሪያ ሲነቃ የደረሰበትን ደረጃ የሚያመለክት ቁጥር በቀኑና በሰዓቱ ቦታ እንዲጻፍ አደረገ። ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ቁጥሩ ተነቦ መጨረሻ ላይ የተሞከረው መሣሪያ ይገመታል። ዋጋው የኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት መዛባቱ ነው። ውጤቱም ጥቆማ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ሌላው መንገድ እንቅልፉን ከፋፍሎ መሞከር ነው። ሊኑክስ ማሽኑን በትክክል ሳያስተኛ መጀመሪያ ፕሮግራሞቹን ብቻ፣ ቀጥሎ ድራይቨሮቹንም ጨምሮ አስቁሞ መልሶ ማስጀመር ይችላል። የመጀመሪያው ሙከራ ተሳክቶ ሁለተኛው ከከሸፈ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨሮቹ ያመዝናል።

በዊንዶውስ 'ድራይቨር ፓወር ስቴት ፌይለር' የሚል ሰማያዊ ስክሪን ከታየ አንድ ድራይቨር የእንቅልፍ ሽግግሩን በአግባቡ እንዳልፈጸመ ያመለክታል። በኢቨንት ቪወር የሚታየው 'ከርነል ፓወር 41' ግን የሚናገረው ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አይገልጽም።

ተጠቃሚው ምን ማድረግ ይችላል?

መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይበጃል፤ ዘግይቶ የሚነቃ ዲስክ አለ። ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ከማንኛውም ጥገና በፊት የሚቀድመው አስፈላጊ ፋይሎችን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው። እየሞተ ያለ ዲስክና የተሳሳተ ድራይቨር ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉና።

ከዚያ ሁለቱን መለየት ይከተላል። ዲስኩ ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ሠርቶ ከእንቅልፍ በኋላ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ድራይቨሩን፣ የዲስኩን ፈርምዌር ወይም ባዮሱን መጠርጠር ተገቢ ነው። በሌላ ጊዜም ከጠፋ ግን ዲስኩና ገመዱ ይፈተሹ። በሙከራው ወቅት ከ'ሸት ዳውን' ይልቅ 'ሪስታርት' ይመረጣል፤ ከ2012ቱ ዊንዶውስ 8 ወዲህ ፈጣን ማስነሻው ከበራ፣ 'ሸት ዳውን' የሥርዓተ ክወናውን እምብርት በዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግሥቱ ያንኑ ይመልሳል።

ድራይቨርና ፈርምዌር ማደስ ችግሩን ሊፈታ ይችላል። ሆኖም ባዮስ በሚታደስበት መካከል ኃይል ከተቋረጠ ማሽኑ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። መብራት በማያስተማምንበት ሰፈር ይህ ሥራ ባትሪው ሞልቶና ቻርጀሩ ተሰክቶ ካልሆነ አይጀመርም።

መፍትሔ እስኪገኝ ድረስ ሥራን ሴቭ ማድረግ፣ የውጭ ዲስክን መንቀልና ማሽኑን በሥርዓት መዝጋት አስተማማኙ መንገድ ነው። ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ደግሞ ዲስኩና ድራይቨሩ ጤነኛ ቢሆኑም፣ ተኝቶ ሳለ መብራት ከሄደ በራም ላይ የነበረው ያልተቀመጠ ሥራ ላይመለስ ይችላል።