ድንኳን የጫነ ሞተር

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዳማ፣ በአሰላና በዶዶላ አድርጎ ጎባ የሚገባ ሰው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። ከጎባ በኋላ መንገዱ ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል፤ እዚያ የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4,377 ሜትር ከፍታ ላይ ይታያል። አምባው ሲያልቅ ደግሞ በሀረና ደን ውስጥ ቁልቁል ተወርዶ ሞቃቱ ደሎ መና ይደረሳል። ውርጭ፣ አቧራ፣ ጭጋግና ሙቀት በአንድ ቀን ይፈራረቃሉ። ይህን መንገድ በትንሽ ሞተር፣ ድንኳን ጭኖ ለመሄድ የሚያስብ ጀማሪ ሁለት ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ ምን ልያዝ? ሞተሩንስ እንዴት ላሰናዳው? ችግሩ የሚጀምረው ለሁለቱ ለየብቻ መልስ ሲፈልግ ነው። ሞተር ላይ የምትጫን እያንዳንዷ ኪሎ የጎማውን ነፋስ፣ የካቴናውን ውጥረትና ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ያለውን ርቀት ትለውጣለች። ጓዝ መምረጥ የጥገናው አንድ ክፍል ነው።

ይህን የተማርኩት በመጀመሪያ ጉዞዬ ነው። ዶዶላ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። መፍቻዎቹን የከተትኳቸው ከከረጢቱ ሥር፣ ከድንኳኑና ከምግቡ በታች ስለነበር እነሱን ለማግኘት ዕቃዬን በሙሉ መንገድ ዳር ዘረገፍኩት። ጎማውን ሳወልቀው ሚስማርም እሾህም አላገኘሁም። የውስጥ ጎማው ግን ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ተቀዷል። ነፋሱን የሞላሁት ብቻዬን በከተማ ስነዳ እንደማደርገው ነበር፤ ከዚያ 30 ኪሎ ጫንኩበት። ጉድጓድ ስመታ ጎማው እስከ ቸርኬው ተደፈጠጠ፤ የቸርኬው ሁለት ጠርዝ የውስጡን ጎማ እንደ ጥርስ ነከሰው። ጎማውን መልሼ ዕቃውን ስጭን በፈረስ የሚያልፉ አንድ አባት ወረዱና ሊያግዙኝ ቀረቡ። ቋንቋችን ብዙም አልተገናኘም። እሳቸው ግን ሁለቱን የጎን ከረጢቶች በግራና በቀኝ እጃቸው አንጠልጥለው ጥቂት ቆሙ፤ ከከበደው ድስቱን አውጥተው ወደ ቀለለው ከተቱት፤ እንደገና አነሷቸውና ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ፈረስ ሲጭን የኖረ ሰው ሚዛኑን በክንዱ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ ከመነሳቴ በፊት እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ይከፈት። የሚፈለገው ሞተሩ በድምሩ ስንት ኪሎ እንዲሸከም እንደተፈቀደለት የሚናገረው ቁጥር ነው። ቁጥሩ 150 ነው እንበል። አሽከርካሪው 70 ኪሎ ቢመዝን፣ ሄልሜቱ፣ ጫማውና ወፍራም ልብሱ 8፣ የዕቃ መጫኛው ብረት 5 ቢሆን 67 ኪሎ ይቀራል። «ጓደኛዬን አፈናጥጬ ስነዳ ከ60 ኪሎ በላይ ይሸከም የለ?» የሚል ይኖራል። ልዩነቱ ያለው ጭነቱ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። የሚፈናጠጥ ሰው የሚቀመጠው ከኋላ ጎማው መሐል ወደ ፊት ሲሆን፣ ኩርባ ላይ ከአሽከርካሪው ጋር አብሮ ያጋድላል፣ ጉድጓድ ላይም በእግሩ ይቋቋማል። ከኋላ መጫኛ ላይ የታሰረ ጓዝ ግን አብዛኛው ክብደቱ ከጎማው መሐል አልፎ ወደ ኋላ ስለሚንጠለጠል የፊት ጎማውን ከመሬት ሊያነሳው ይታገላል። የፊት ጎማ ሲቀል መሪው ይንቀጠቀጣል፤ አሸዋና ጠጠር ላይም አቅጣጫ አይታዘዝም። ስለዚህ ውኃ፣ መፍቻና ምግብ ዝቅ ብለው ከመቀመጫው ጎን በሚንጠለጠሉት ከረጢቶች ይግቡ። ከላይና ከኋላ የሚታሰረው የመኝታ ዕቃውና ልብሱ ብቻ ይሁን። ለጀማሪ በጠቅላላው 25 ኪሎ ይበቃዋል፤ እኔ ከዚያ አልፌ የተጸጸትኩት ብዙ ጊዜ ነው። ጫፉ የሚወዛወዝ ማሰሪያ ደግሞ እንዳይተው። አንዲት የተፈታች ጠፍር ካቴናው ውስጥ ከገባች የኋላ ጎማውን ባለበት ልታስረው ትችላለች።

ጭነቱ ከታወቀ በኋላ ጎማው ይነፋል። መመሪያው ለብቻ መንዳትና ለጭነት ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ይሰጣል፤ ቁጥሮቹ በብዙ ሞተሮች ላይ ካቴና መሸፈኛው ወይም የኋላ ጎማውን የያዘው ክንድ ላይም ተለጥፈዋል። ጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ግን ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ጣሪያ ስለሆነ በየቀኑ የሚሞላበት መጠን ተደርጎ አይወሰድ። ልኬቱ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። የራስን መለኪያ መያዝ ያዋጣል፤ በጣት ተጭኖ መገመት ያኔ እኔን ዶዶላ መንገድ ላይ አስቁሞኛል።

ካቴናው ላይ ረዘም ላድርግ፤ ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነውና። የኋላ ጎማው የተያዘበት ክንድ ከሞተሩ አካል ጋር በተጋጠመበት ዘንግ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። ካቴናውን የሚጎትተው የፊተኛው ጥርስ ከዚያ ዘንግ ፈንጠር ብሎ ነው ያለው። በዚህ የተነሳ ክንዱ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር በፊተኛውና በኋለኛው ጥርስ መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣል። የፊተኛው ጥርስ መሐል፣ ዘንጉና የኋላ ጎማው መሐል አንድ መስመር ላይ ሲውሉ ርቀቱ ትልቁ ላይ ይደርሳል፤ ካቴናው ከሁሉ ይበልጥ የሚወጠረውም ያኔ ነው። ባዶ ሞተር በመቆሚያው ሲቆም ክንዱ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ሰውና ጓዝ ሲጨመርበት ወደዚያ መስመር ይጠጋል። ባዶውን «ጥሩ ተወጥሯል» ተብሎ የታሰረ ካቴና፣ ጭነት ላይ ጉድጓድ ሲገጥመው የሚለጠጥበት ቦታ ያጣል። ጉልበቱ ሁሉ የማርሽ ቤቱ ዘንግ ላይ ያርፋል፤ ኩሽኔታውን ይበላል፤ ሲብስም ካቴናው ይበጠሳል። በጣም የላላውም አደጋ አለው፤ ከጥርሱ ዘሎ ጎማውን ይቆልፋል።

በብዙ የመንገድ ሞተሮች ካቴናው በታችኛው መስመር መሐል ላይ በጣት ከፍና ዝቅ ሲደረግ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር እንዲጫወት ይፈለጋል። ስፕሪንጋቸው ረጅም የሆኑት፣ ለገጠር የተሠሩት፣ ከዚህ ይበልጣሉ፤ ትክክለኛውን መመሪያው ይናገራል። ጎማውን እያሽከረከሩ አራት አምስት ቦታ መለካት ይገባል፤ ካቴና በሁሉም በኩል እኩል አያልቅም፤ የሚስተካከለውም በጣም በሚወጠርበት ቦታ ተለክቶ ነው። ከዚያ ጓዙ ተጭኖ፣ አሽከርካሪው ተቀምጦ፣ ሌላ ሰው ካቴናውን በጣቱ ይሞክረው። አሁንም መጫወት አለበት። የማስተካከያ ብሎኖቹ ላይ ያሉት ምልክቶች በግራና በቀኝ እኩል ካልሆኑ ጎማው ተጣሞ ይሄዳል።

ለማጽዳት ነጭ ጋዝና ብሩሽ ይበቃል። ሞተሩ ግን ጠፍቶ፣ ማርሹ ነጻ ሆኖ፣ ጎማው በእጅ እየዞረ ነው። ሞተሩን አስነስተው፣ ማርሽ አስገብተው ካቴና የሚያጸዱ ሰዎች አይቻለሁ፤ ጨርቁ ከተያዘ ጣት ተከትሎ ይገባል። ቅባቱ ካቴናው ከጉዞ ሞቆ ሳለ በውስጠኛው ጎን ይደረግና ትርፉ ይጠረግ። በየ500 ኪሎ ሜትሩ ጥሩ ነው፤ ዝናብ ከመታው በዚያው ዕለት። አቧራ በበዛበት መንገድ ቅባት ማብዛት ጉዳት አለው፤ አቧራውና ዘይቱ ተለውሰው ብረት የሚሞርድ ጭቃ ይሆናሉ።

ዘይቱን በአጭሩ ልለፈው። በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ውስጥ አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ነው ያለው። ይቺው አንድ ሊትር ሞተሩን፣ ማርሹንና ፍሪሲዮኑን በአንድነት ታገለግላለች። ለመኪና የተሠራ አንዳንድ ዘይት ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም ስላለው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ግን አይከተልም። ጠርሙሱ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል የሞተር ሳይክል መለያ መፈለግ ከዚህ ያድናል። ዘይት የሚለካው ሞተሩ ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው፤ በጎን መቆሚያው አጋድሎ የቆመ ሞተር የዘይት መጠኑን በትክክል አያሳይም።

ሳነቴ ላይ ሞተሩ ይደክማል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 ከመቶ ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሦስት አራተኛ ገደማ ነበር። ካርቡሬተር ያለው ሞተር አየሩ ሲሳሳ የሚሰጠውን ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አየር እንዲያገኝ» ብሎ የአየር ማጣሪያውን ያወልቃል። እባካችሁ እንዳታደርጉት። የሳነቴ አቧራ በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ በአጭር መንገድ ሞተሩን ያስረጀዋል። ማጣሪያውን ከጉዞ በፊት አጽድቶ፣ ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ በትዕግሥት መውጣት፣ አንድ ተለዋጭ ካንዴላም መያዝ ይሻላል።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይልቅ ያሳስበኛል። ከሳነቴ ጫፍ እስከ ደሎ መና ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ይወረዳል። የብዙ ትንንሽ ሞተሮች ፍሬን በገመድ የሚሳብ፣ ከበሮ መሰል ቤት ውስጥ ጫማው የሚሻሽ ዓይነት ነው። ያለማቋረጥ ሲያዝ ከበሮው ይግላል፤ ሲግል ይሰፋል፤ ጫማውም እሱን ለመድረስ ብዙ መሄድ ይኖርበታል። አሽከርካሪው ይህን የሚያውቀው የፍሬን መያዣው ከወትሮው ይልቅ ወደ መሪው ሲጠጋ፣ የተቃጠለ ሽታም ሲመጣ ነው። መድኃኒቱ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ወደ ሁለት ወይም ሦስት ማውረድና ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው መተው ነው። ፍሬኑ አጠር አጠር ተደርጎ ይያዝ፤ ከጋለም ቆሞ ማቀዝቀዝ እንጂ ውኃ ማፍሰስ አይገባም። 25 ኪሎ የጫነና 45 ኪሎ የጫነ ሞተር ልዩነታቸው እዚህ በግልጽ ይታያል።

አሁን ስለ ሌሊቱ። በበጋ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ሳነቴ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሰው ብርድ ከላይ የሚመጣ ስለሚመስለው ገንዘቡን በሙሉ መሸፈኛ ላይ ያውለዋል። ከታች ያለው መሬት ግን ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ይስባል፤ ከሥራችን ያለው የመሸፈኛው ክፍልም በክብደታችን ተጨፍልቆ ውስጡ ብዙ አየር ስለማይቀር እምብዛም አይከላከልም። አገር ቤት አጎዛ የሚነጠፈው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ጸጉሩ የያዘው አየር ነው የሚያሞቀው። የካምፕ ምንጣፍ ሲገዛ አምራቾች «አር» በሚል ፊደል የሚያትሙት ቁጥር ይታይ፤ ለውርጭ ከ4 በላይ ያለው ይመረጥ። የመኝታ ከረጢቱ ላይ የሚጻፉት የሙቀት መጠኖች ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው፦ ተመችቶ የሚተኛበት፣ የመጨረሻው ገደብና ሕይወት ለማትረፍ ያህል የሚያገለግለው። ሻጩ ጮክ ብሎ የሚናገረው ዝቅተኛውን ቁጥር ነው፤ ገዢው ግን የመጀመሪያውን ይመልከት። ጋቢ እወዳለሁ፤ ደረቅ ሌሊት ላይ ከከረጢቱ በላይ ሲጣል ይረዳል። ጥጥ በመሆኑ ግን እርጥበት ከጠጣ ይከብዳል፣ ሙቀት መያዝም ይተዋል፤ ብቻውን አይታመንም። ድንኳኑ ባለ ሁለት ልብስ፣ ያለ ካስማም ራሱን ችሎ የሚቆም፣ ከሦስት ኪሎ የማይበልጥ ቢሆን ለድንጋያማው አምባ ይስማማል።

ምግቡ ቀላል ነው፤ ለመንገድ የተበጀ ስንቅ አለንና። በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ክብደታቸው ትንሽ፣ ጉልበታቸው ብዙ ነው፤ ማብሰያም አይፈልጉም። ለሻይ ትንሽ ቡታጋዝ ይያዝ። በዚያ ከፍታ ውኃ 86 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ምስርና ባቄላ ለመቀቀል መሞከር ጋዝ ማባከን ነው። አስታ የተባለውን ቁጥቋጦ ቆርጦ ማንደድ ፈጽሞ አይገባም፤ ሳነቴ የሚገኝበት ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው፤ ደረቅ አስታም በቶሎ ይቀጣጠላል።

ከመነሻው ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ሙሉ ጓዙ ተጭኖ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳ፤ ሲመለሱ የመጫኛው ብሎኖችና ዳዶዎች በቁልፍ ይሞከሩ። ሁልጊዜም የሚላላ አንድ አይጠፋም። ከሰፈር ጎሚስታ ጋር ተቀምጦ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ የኋላውን ጎማ በራስ እጅ ማውለቅና መመለስ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። የያዛችሁት ቁልፍ የጎማውን ዘንግ ዳዶ በትክክል የሚይዝ መሆኑ የሚታወቀውም ያኔ ነው። ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቁልፎቹ፣ መለጠፊያው፣ የጎማ ማውለቂያ ብረቱና መንፊያው በአንድ ጥቅል ሆነው ጓዙ ሳይፈታ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይታሰሩ።

የመጀመሪያው አዳር ከጎባ በፊት መንገዱ ላይ ባለችው ዲንሾ ቢሆን እመርጣለሁ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ ክፍያው ይፈጸማል፣ የማደሪያ ቦታ አለ፣ ስለ መንገዱ ሁኔታም ይጠየቃል። ከፍታው 3,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ አካል ለሳነቴ ይለማመዳል፤ ራስ ምታት የጀመረው ሰው እዚያው አንድ ቀን ይጨምር። ሲደረስ ሁሉም የሚቸኩለው ወደ ድንኳኑ ነው። እኔ በመጀመሪያ ጓዙን አወርድና ካቴናውን፣ ገና ሙቀቱ ሳይለቀው፣ አጽድቼ እቀባለሁ፤ ጎማውን በእጄ ዳብሼ እሾህ እፈልጋለሁ። ይህ አሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ ብርሃንም ይፈልጋል። ድንኳን በባትሪ መብራትም ይተከላል።