መዓዛው ለማን ነው?

ዛሬ ስለ ሽቶ ልጽፍላችሁ ነው። «የፓስተር ሚስት ስለ ሽቶ ምን አገባት?» የምትሉ አትጠፉም። እባካችሁ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለቤቴ፣ ልጃችንና እኔ ለአገልግሎት ወደ ሐዋሳ እየተጓዝን ነበር። ባለቤቴ እንደ ልማዱ የመኪናውን መስኮት ከፍቷል። ነፋሱ ሲያስቸግረኝ «እባክህ ዝጋው» አልኩት። ከኋላ የተቀመጠችው ልጃችን ቀደም አለችና፣ «እማዬ፣ ሽቶሽ እኮ አባዬን ራሱን ያመዋል» አለች።

17 ዓመት! ያንን ሽቶ እጮኛሞች ሳለን የገዛልኝ እሱ ራሱ ነበር። እኔ «የሚወደው ነው» ብዬ ባለቀ ቁጥር ያንኑ እተካለሁ። እሱ ደግሞ «የምትወደው ነው» ብሎ ችሎ ይኖራል። ሊጋቡ ለተዘጋጁ ጥንዶች ስለ ግልጽነት የማስተምር ሴት፣ ልጄ የምታውቀውን የገዛ ባለቤቴን ችግር አላውቅም ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ጸጸት ሳይሆን ቁጣ ነው። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ጠይቀሽኝ አታውቂም» አለኝ።

ይህ ቃል ሽቶን በቤቴ መቀመም እንድጀምር ምክንያት ሆነኝ።

ቲንክቸር ምንድን ነው?

ለቁስል የሚቀባውን አዮዲን ቲንክቸር ሲሉት ሰምታችሁ ይሆናል። በአልኮል የተሟሟ ማለት ነው። ለሽቶም እንዲሁ አበባ፣ ልጣጭ፣ ቅመም ወይም እጣን በአልኮል ተዘፍዝፎ መዓዛውን እስኪለቅ ይቆያል። ከዚያ ይጠለላል።

የሽቶ ቅመማ ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በዘጸአት 30፡22-33 ለመገናኛው ድንኳን የታዘዘው የቅባት ዘይት ከርቤው፣ ቀረፋው፣ የጠጅ ሳሩና ብርጉዱ እያንዳንዱ በሰቅል ተመዝኖ ነው የተነገረው። መያዣው አልኮል ሳይሆን የወይራ ዘይት ነበር። አልኮልን አንጥሮ ማውጣት ብዙ ቆይቶ የመጣ ጥበብ ነው። ያንን ቅባት ለራስ አስመስሎ መሥራት ደግሞ እዚያው ተከልክሏል። ስለዚህ እኛ የምንወስደው ቅመማውን ሳይሆን ትጋቱንና ልኩን ነው።

አልኮል በአገልጋይ ቤት?

አንዲት እህት ቤቴ መጥታ ጠርሙሱን ስታይ ክው አለች። አልፈረድኩባትም። አልኮሉ ለመጠጥ ሳይሆን መዓዛውን ለማውጣት ነው፤ ስንቀባው ወዲያው ይተንና መዓዛው ይቀራል። ቢሆንም ጠርሙሱ ላይ በትልቁ «ለሽቶ ብቻ፤ አይጠጣም» ብዬ ጻፍኩበት። ይህ እንግዳን ከመሰናከል፣ ልጆችን ደግሞ ከአደጋ ይጠብቃል።

የሚያስፈልገው 96 በመቶ ኢታኖል ነው። አረቄ አይሆንም፤ ከግማሹ የሚበልጠው ውኃ ነው፣ የራሱም ሽታ አለው። እጣን በአልኮል እንጂ በውኃ በደንብ አይሟሟም። 70 በመቶ የሆነው የእጅ ማጽጃም ለእጣን ደካማ ነው። ከሁሉ በላይ ኢታኖል መሆኑ በግልጽ ያልተጻፈበትን አትግዙ። ሜታኖል የሚባለው ዓይን የሚያሳውርና የሚገድል መርዝ ነው፤ በቆዳም ይገባል።

አዘገጃጀቱ

እጣን፦ 20 ግራም እጣን ወቅጣችሁ በ100 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ውስጥ ጨምሩ። ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ጠርሙስ ዘግታችሁ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ፤ በየቀኑ ነቅንቁት። ከአራት ሳምንት በኋላ በቡና ማጥለያ ወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ከታች ነጭ ዝቃጭ ቢቀር አትደንግጡ፤ በአልኮል የማይሟሟው ክፍል ነው። ከርቤም እንዲሁ ይሠራል፤ ዝቃጩ ግን ይበዛል።

ብርቱካን፦ የሦስት ብርቱካን ልጣጭ በደንብ ታጥቦና ደርቆ፣ ነጩ ሳይነካ በስሱ ይላጥ። በ100 ሚሊ ሊትር ኢታኖል አንድ ሳምንት ይበቃዋል።

ኮረሪማ፦ ፍሬውን ከቅርፊቱ አውጥታችሁ 10 ግራም ያህል ሸክሽኩና ለሁለት ሳምንት ዘፍዝፉ።

ጽጌረዳ፦ በግቢያችሁ የበቀለ፣ ራሱ የሚሸትና መድኃኒት ያልተረጨበት ይሁን። የሠርግ እቅፍ አበባ ይቅርባችሁ። ለገበያ የሚመረተው ጽጌረዳ ብዙውን ጊዜ ሳይጠወልግ እንዲቆይ እንጂ እንዲሸት ተመርጦ አልተዳቀለም፤ ፀረ ተባይም ይረጭበታል። ቅጠሉን ጠዋት ቀጥፋችሁ ለጥቂት ሰዓት አጠውልጉትና አልኮሉ ውስጥ ጨምሩ። በማግሥቱ ያንን አውጥታችሁ በዚያው አልኮል አዲስ ጨምሩ። ይህን ከአሥር ጊዜ በላይ መመላለስ ያስፈልጋል። አስቴር 2፡12 ላይ ለቆነጃጅቱ የተመደበው ጊዜ 12 ወር መሆኑን ሳስታውስ የእኔ ትዕግሥት ቀላል ሆኖ ይታየኛል።

ዕቃው ሁሉ የታጠበና በደንብ የደረቀ ይሁን። መክብብ 10፡1 የሞቱ ዝንቦች የቀማሚውን ሽቱ እንደሚያበላሹ የሚናገረው በምሳሌ ነው፤ በወጥ ቤት ግን ቃል በቃል ይሠራል።

አሁን ባለቤታችሁን ጥሩ

የሥራው ዋና ክፍል እዚህ ላይ ነው። ከየጠርሙሱ አንዳንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ቁራጭ ላይ አድርጉ። አልኮሉ እስኪተን አንድ ደቂቃ ጠብቁና ለባለቤታችሁ ስጡ። በቀን ከአንድ በላይ አታሽትቱ። ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ ራስ አያሳምምም ብላችሁ አትገምቱ፤ ኃይለኛ ሽታ የሚያስቸግረውን ሰው የአበባም ሊያስቸግረው ይችላል።

ባለቤቴ ቅርንፉዱን ገና ሲያሸተው ግንባሩን ያዘ፤ ተወነው። በሶብላውን አሽትቶ «ሽሮ አማረኝ» አለኝ፤ እሱም ቀረ። እጣኑን ሲያሸት ግን ዝም አለና ስለ እናቱ ቤት ያወራኝ ጀመር። በዚያን ዕለት የሰማሁትን በ17 ዓመት ውስጥ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከእናንተ መካከል በቀደመ ሕይወታችሁ ምክንያት የእጣን ሽታ የሚረብሻችሁ ካላችሁ ደግሞ ተዉት። ያንንም ለትዳር ጓደኛችሁ ተናገሩ።

የእኛ ቤት ቅመማ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ አራት ማንኪያ እጣን፣ ሦስት ማንኪያ ብርቱካን፣ አንድ ማንኪያ ኮረሪማ። ብርቱካኑ ቶሎ ይሄዳል፤ እጣኑ ከሥር ሆኖ ይቆያል። ተቀላቅሎ ሁለት ሳምንት ይረፍ። እንደ ሱቁ ሽቶ አይጠነክርም፤ ቶሎም ይጠፋል። ለእኛ ግን ጥሩነቱ ይኸው ነው። በጉባኤ አጠገባችን ለሚቀመጠው አስም ላለበት ወንድምም እንዲሁ።

ጥንቃቄ

ኢታኖል በቀላሉ ይቀጣጠላል። ለማፍጠን ብላችሁ እሳት ላይ አትጣዱት። ከሰል ባለበት ወይም መብራት ጠፍቶ ሻማ በበራበት ክፍል ጠርሙሱን አትክፈቱ።

ጤና አዳምና የሎሚ ልጣጭ አትጠቀሙ፤ ቆዳ ላይ ሆነው ፀሐይ ሲያገኛቸው ሊያቃጥሉና ጥቁር ምልክት ሊተዉ ይችላሉ። ማንኛውንም ቅመማ ከመቀባታችሁ በፊት ክንዳችሁ እጥፋት ላይ ጥቂት ነክታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ቢያሳክካችሁ ወይም ቢቀላ ተዉት። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፤ ሕፃናትን አትቀቡ።

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ሽቶ ባትሠሩም ግድ የለም። ግን ዛሬ ማታ ልጆች ሲተኙ ለትዳር ጓደኛችሁ አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ «ለእኔ ብለህ ዝም ያልከው ነገር አለ?» «ለእኔ ብለሽ የቻልሽው ነገር አለ?» መልሱ ቢያማችሁም አትቆጡ። እኔ ተቆጥቼ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ።

ባለፈው ሰሞን እንደገና ወደ ሐዋሳ ሄድን። ሞጆን እንዳለፍን ባለቤቴ መስኮቱን ከፈተ። ልቤ ደንገጥ አለ፤ ግን ዝም አላልኩም። «ሽቶው ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አይ፣ ሞቆኝ ነው» አለኝ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ!