ችግኙ ከኅዳር በኋላ የማን ነው?

አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ወርዶ ያበቃል። የከተማዋ ዛፍ ዕጣ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ችግኝ የሚተክል ሰው አይጠፋም። መሬቱ ርሷል፣ ጉድጓዱ አስቀድሞ ተቆፍሯል፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛውም ተማሪውም የሰፈሩም ሰው አብሮ ወጥቷል። ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፣ ኅዳር ላይ አፈሩ መሰንጠቅ ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ እስከ በልግ ድረስ ችግኙ በሰው እጅ ካልሆነ በቀር ውሃ አያገኝም። በአማርኛ ችግኝ ሥር ሰድዶ ሲይዝ «ጸደቀ» እንላለን፤ ለነፍስ የምንለውን ቃል ለዛፍም ሰጥተነዋል። ቃሉ የሚገባው ይመስለኛል፤ መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ መጽደቅ ግን ሁለትና ሦስት በጋ መሻገርን ይጠይቃል። ስለዚህ ከተማን በትብብር አረንጓዴ ስለማድረግ ስንነጋገር መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ «ስንት ሰው አብሮ ተከለ?» የሚለው መሆን የለበትም። ኅዳር ካለፈ በኋላ እያንዳንዱ ችግኝ በማን ስም ነው ያለው? መልስ ያላቸው ከተሞች ዛፋቸው አድጓል፤ መልስ የሌላቸው በየክረምቱ በዚያው ጉድጓድ እንደገና ይተክላሉ።

አዲስ አበባ ለዚህ ጥያቄ አንድ ጊዜ መልስ አግኝታለት ነበር። በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው የጽድ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ አለቀ። የእንጨት እጦቱ ከመክፋቱ የተነሣ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር፤ እዚያ ያስጀመሩት ቤተ መንግሥትም በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋን ባለችበት ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ማብቂያ ገደማ ከባሕር ማዶ የመጣውና ስሙንም ከዚያው ያገኘው ባሕር ዛፍ ነው። መስፋፋቱን ያፋጠነው የዛፉ ቶሎ ማደግ ብቻ አልነበረም። ችግኙ በርካሽ ተከፋፈለ፣ ባሕር ዛፍ ለተተከለበት መሬትም የግብር ማበረታቻ ተሰጠ፣ ነዋሪውም ቆርጦ የሚጠቀምበትና የሚሸጠው ራሱ መሆኑን ስላወቀ በየግቢው ተከለ። ለእያንዳንዱ ዛፍ ጠባቂ መቅጠር አላስፈለገም። ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፣ በሥሩም ሌላ ተክል አያሳድግም የሚለው ወቀሳ እውነት አለው፤ ዛሬ ከተማዋን በእርሱ እንሙላት የሚል የለም። የተስፋፋበት መንገድ ግን እስከ ዛሬ ያስተምራል፤ መንግሥት ችግኙንና ደንቡን አቀረበ፣ ነዋሪው እንክብካቤውን ሰጠ፣ ሁለቱም ከውጤቱ ተካፈሉ።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ችግኝ መትከልን የአገር ልማድ አድርጎታል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ሕፃን አዋቂ ሳይለይ ሕዝብን ለአንድ ሥራ ማስወጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ ዋጋውን ማሳነስም ተገቢ አይሆንም። ነገር ግን የተተከለ ቁጥር የጸደቀ ቁጥር አይደለም፤ በከተማ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። የመንገድ ዳር ችግኝ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ በተጠቀጠቀ አፈር፣ በመኪና ጭስ፣ በእግረኛ እርግጫ መካከል ነው የሚያድገው። ብዙ ገንዘብ ያላት ኒው ዮርክ እንኳ ከዚህ አላመለጠችም። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2003 ከተተከሉት የመንገድ ዛፎቿ ከ13 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጥናት ሲቆጠሩ ከአራቱ አንዱ ያህል ደርቆ ወይም ጠፍቶ ተገኘ። ከጥናቱ ይበልጥ ትኩረቴን የሚስበው ሌላው ግኝት ነው፤ ሰው እንደሚንከባከባቸው ምልክት የታየባቸው ዛፎች ከሌሎቹ በተሻለ ሁኔታ በሕይወት ቆይተዋል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን ናት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2017 ከከባድ ዝናብ በኋላ ደኑ የተመነጠረ ተራራ ተንዶ ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል ወይም ደብዛቸው ጠፍቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ ከንቲባዋ ኢቮን አኪ ሶየር አንድ ሚሊዮን ዛፍ የማልማት ዕቅድ አስጀመሩ። ተከላውንና እንክብካቤውን የያዙት የየሰፈሩ ማኅበራት ናቸው። እያንዳንዱ ችግኝ በእጅ ስልክ ፎቶ ተነሥቶ የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ተንከባካቢው በየጊዜው ተመልሶ ዛፉ ቆሞ እንዳለ በፎቶ ሲያረጋግጥ ክፍያው በስልኩ ይደርሰዋል። ሰውዬው የሚከፈለው ስለቆፈረው ጉድጓድ ብቻ አይደለም፤ ዛፉን በሕይወት ስላቆየው ጭምር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ችግኞች ተተክለው ከአምስቱ አራቱ ያህል መጽደቃቸውን ከተማዋ አስታውቃለች። ይህ ውጤት የመጣው ከሀብታም ከተማ አይደለም፤ ለችግኙ ስም፣ ለስሙ ተጠሪ፣ ለተጠሪው ዋጋ ከመስጠት ነው።

«የጋራ ነገር የማንም ነገር ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። በየመንገዱ ዳር የምናየው የደረቀ ችግኝ ለዚህ አባባል ምስክር ይመስላል። ነገር ግን ዕድራችንን እንመልከት። የዕድር ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት የማንም አባል የግል ንብረት አይደለም፤ ሆኖም ለዓመታት ሳይጠፋ ከአንዱ ሐዘን ወደ ሌላው ይዞራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የአባላት መዝገብ አለ፣ ንብረቱን የሚረከብ ሰው ተመርጧል፣ የቀረ ይቀጣል፣ የሰበረ ይተካል። የጋራ የሆነ ነገር ባለቤት የሚያጣው መዝገብና ተጠሪ ሲያጣ ነው። በእኔ ግምት አዲስ አበባ የጎደላት ቀና ልብ አይደለም። ዕድሩን፣ የሰንበቴና የጽዋ ማኅበሩን፣ የመስጊዱን ጀማዓ፣ የትምህርት ቤቱን ክበብ እንዲሁም በ1995 ዓ.ም. አዋጅ መሠረት የኮንዶሚኒየምን የጋራ ንብረት የሚያስተዳድረውን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ለተከላ ቀን ብቻ ትጠራቸዋለች፤ በጽሑፍ አታስረክባቸውም። ወረዳው ከዕድሩ ጋር በፊርማ ቢዋዋል፣ ቦታው ለሌላ አገልግሎት እንደማይሰጥ ቢያረጋግጥ፣ ፍሬውና ከመግረዝ የሚገኘው ቅርንጫፍ የተንከባካቢው መሆኑ ቢጻፍ፣ አዲስ አበባ በባሕር ዛፍ ዘመን ያገኘችውን መልስ ዳግም ታገኘዋለች።

የውሃ ጥያቄ ከሁሉም የከበደው ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሰው ያልበቃውን ለዛፍ እንዴት እንሰጣለን? ሒሳቡን እንየው። ለአንድ ችግኝ በበጋ በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብንመድብ ሃምሳ ችግኝ 1,000 ሊትር ይፈልጋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። አንድ ዘበኛ ሃምሳ ጀሪካን መሸከም አይችልም፤ ሃምሳ አባወራ ግን በሳምንት አንድ አንድ ጀሪካን፣ ያውም ከአትክልት ማጠቢያና ከልብስ መጨረሻ እጣቢ፣ ሊያወጣ ይችላል። በኮንዶሚኒየም ብሎኮች መካከል ያለውን ዛፍ ከጣሪያ የሚወርደውን የክረምት ውሃ በታንከር በማጠራቀም ጭምር መርዳት ይቻላል። ባለ 10 ሺህ ሊትር ቦቴ ደግሞ በአንድ ጉዞ አምስት መቶ ችግኝ ያዳርሳል፤ ይህ የማዘጋጃ ቤቱ ድርሻ ይሁን። ሥሩ ጠልቆ ከያዘ በኋላ ወይራና ጽድ ይህን ሁሉ አይጠይቁም።

መሬት ለቤት እየጠፋ ለዛፍ እንዴት ይሰጣል የሚሉም አሉ። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ በተለይ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ምክንያት ከኖሩበት ሰፈር የተነሡ ሰዎች ሲጠይቁት። አረንጓዴ ቦታ የሰው ኑሮ ተከፍሎበት የሚመጣ ከሆነ ትብብር የሚባል ነገር አይኖርም፤ የተነሣው ነዋሪ ዛፉን ሊያጠጣ አይመጣም። እዚህ ላይ የከተማው አስተዳደር ሥራውን መለወጥ እንዳለበት አምናለሁ፤ ነዋሪው ከንድፉ ጀምሮ ይጠየቅ፣ ለመንገድ ሲባል ትልቅ ዛፍ ከመቆረጡ በፊትም ሌላ አማራጭ ይፈለግ። ሃምሳ ዓመት የቆመን ዛፍ ጥላ ዛሬ የተተከለ አሥር ችግኝ አይተካውም። ለከተማ ዛፍ የሚሆነው ቦታም ሁሉ ለቤት የሚሆን አይደለም። ከእንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ አቃቂ ቁልቁል የሚወርዱት የቀበናና የቀጨኔ ወንዞች ዳርቻ በጎርፍ ምክንያት ለመኖሪያ የማይመች ሲሆን፣ ሥሩን የሰደደ ዛፍ ግን አፈሩን ይይዝበታል።

በቤተ ክርስቲያን ግቢ ዘወትር የምናየው ጽድና ወይራም የሚነግረን አለ። ሌላው ቦታ ሲመነጠር እነርሱ የቆሙት ግቢው ጠባቂና ክልክል ስላለው ነው። በሰሜን ምዕራብ የከተማው ጫፍ ያለው 705 ሄክታር የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም የአንድ ወገን ሥራ አይደለም፤ የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አብረው ያቋቋሙት ነው። አገር በቀል ዝርያ ለየትኛው ከፍታና አፈር እንደሚስማማ የሚያውቁ ባለሙያዎች እዚያ አሉ፤ ዕድሩ ኮሶ ይትከል ወይስ ዝግባ ብሎ ሊጠይቃቸው ይገባል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶችም ከእንክብካቤው ውል ማስወጣት አይቻልም፤ ደን ሲጠበቅ መተዳደሪያቸው የሚዘጋባቸው እነርሱ ናቸው፣ ስለዚህ በችግኝ ጣቢያና በጥበቃ ሥራ የመጀመሪያ ተቀጣሪዎች መሆን ያለባቸውም እነርሱ ናቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ዕድርዎ ወይም የብሎክዎ ማኅበር በሚቀጥለው ሲሰበሰብ አንድ አጀንዳ ያስይዙ። በሰፈሩ ባለፈው ክረምት የተተከሉት ችግኞች ስንት ናቸው፣ ዛሬ ስንቶቹ ቆመዋል፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ለእያንዳንዳቸው ውሃ የሚያጠጣውስ ማን ይባላል? መልሱ በስም በመዝገብ ይጻፍ፤ ግልባጩም ለወረዳው ይድረስ።