ያደረ ወጥና የሰነበተ እንጀራ፦ የትኛው ይበላል፣ የትኛው ይጣላል?

ረቡዕ ማታ ነው እንበል። አየር ጤና፣ አንድ ክፍል የኪራይ ቤት። መሶቡ ውስጥ እሑድ የተጋገረ ሦስት እንጀራ አለ፤ አንደኛው ጫፉ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ጀምሮታል። ድስቱ ውስጥ ከትናንት ማታ የተረፈ ምስር ወጥ፣ ጥግ ላይ ያበቀለ ድንች፣ ፌስታል ውስጥ እንደ ድንጋይ የደረቀ ዳቦ። ማቀዝቀዣ የለም። ደመወዝ እስኪወጣ ደግሞ ሳምንት ይቀራል። ከዚህ ሁሉ የሚበላው የቱ ነው?

ብዙዎቻችን የምንወስነው በአፍንጫችን ነው፦ ካልሸተተ ይበላል፣ ከሸተተ ይጣላል። ይህ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። እንጀራና ወጥ አንድ ማዕድ ላይ ቢቀርቡም የሚበላሹት በተለያየ መንገድ ነው። የእንጀራ ጠላት ሻጋታ ሲሆን በዓይን ይታያል። የወጥ ጠላት ባክቴሪያ ነው፤ አይታይም፣ ብዙ ጊዜም አይሸትም። ስለዚህ እንጀራን በዓይን ይመርምሩ፣ ወጥን ደግሞ በሰዓት ይቁጠሩ።

እንጀራ ለምን ይሻግታል?

ሊጡ ሲቦካ የሚፈጠረው አሲድ ነው እንጀራን የሚያኮመጥጠው። ይህ አሲድ ተቅማጥና ትውከት የሚያስከትሉ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች እንዳይራቡ ያግዳል። ሻጋታ ግን ኮምጣጣ ነገርን ይችለዋል፤ እርጥበትና አየር ካገኘ ይበቃዋል። በቤት ውስጥ የተቀመጠ እንጀራ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መሻገት የሚጀምረው ለዚህ ነው። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ደግሞ ሊፈጥን ይችላል። ትኩሱ እንጀራ ሳይበርድ ከተከደነም እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ይመለስበታል።

የሻገተችውን ነጥብ ቆርጦ ቀሪውን መብላት የተለመደ ነው። ነገር ግን የምናየው ቀለም የሻጋታው አናት ብቻ ነው። እንደ እንጀራና ዳቦ ባለ ለስላሳ ምግብ ውስጥ ክሮቹ ከነጥቡ አልፈው ይሄዳሉ። ሁሉም ሻጋታ መርዝ ባይሠራም አንዳንዶቹ ይሠራሉ። ከእነዚህ መርዞች በጣም የሚታወቀው አፍላቶክሲን ነው፤ ለረጅም ጊዜ በተደጋጋሚ ሲወሰድ ጉበትን ይጎዳል፣ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል። በምጣድ ማሞቅ ወይም ፍርፍር አድርጎ ማብሰል ሻጋታውን ይገድል ይሆናል እንጂ መርዙን አያጠፋም። የሻገተው እንጀራ ሙሉ በሙሉ ይጣል። ከላይና ከታች የነበሩትን በብርሃን አገላብጠው ይዩ፤ መሶቡን ጠርገው ፀሐይ ያስመቱ።

«እሺ፣ ለዶሮ ወይም ለላም ይሰጥ» የሚል ይኖራል። ይህም መፍትሔ አይደለም። ላም አፍላቶክሲን ያለበት መኖ ስትበላ የመርዙ አንድ ክፍል ቅርጹን ለውጦ በወተቷ ይወጣል። ከአዲስ አበባና አካባቢዋ በተሰበሰበ ወተትና መኖ ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ይህንን መርዝ በወተቱ ውስጥ አግኝቷል፤ ከመኖዎቹ መካከል በተለይ የኑግ ፋጉሎ በብዛት የተበከለ ነበር። ከበር የወጣው ሻጋታ በወተት ጣሳ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው።

ሳይሻግት መቅደም፦ ድርቆሽ

እናቶቻችን ለዚህ ችግር መልስ ካገኙ ቆይተዋል። ሻጋታ ያለ እርጥበት አያድግም፤ ድርቆሽ ደግሞ እርጥበቱን ያጣ እንጀራ ነው። ዋናው ቁም ነገር ጊዜው ነው። እንጀራው ነጥብ ከጀመረ በኋላ ማድረቅ ሻጋታውን አብሮ ማስቀመጥ ይሆናል። ስለዚህ እሑድ ከጋገሩ ወይም ከገዙ ማክሰኞ ላይ ይወስኑ፦ እስከ ነገ የማይበላውን ያኔውኑ ቆራርሰው በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ያስጡት። ፀሐይ ከሌለ ከጋገሩ በኋላ ገና ሙቀት ባለው ምጣድ ላይ ሊያደርቁት ይችላሉ። ሲሰብሩት «ቀጭ» ካላለ አልደረቀም። ከደረቀ በኋላ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ያስቀምጡት።

ለሦስት ሰው የሚሆን ፍርፍር ለመሥራት አንድ ትልቅ ሽንኩርት በሁለት ሾርባ ማንኪያ ዘይት ያቁላሉ። አንድ ሾርባ ማንኪያ በርበሬ ከጥቂት ውሃ ጋር ጨምረው ያብስሉት፤ ካለ አንድ ቲማቲም ይግባበት። ሁለት ብርጭቆ ያህል ውሃና ጨው ጨምረው ሲንተከተክ የሁለት እንጀራ ድርቆሽ ይጨምሩና ቶሎ ያውርዱት፤ ከቆየ ይላቁጣል። በዚያው ቀን የተቀቀለ አንድ ጭብጥ ምስር ወይም ሽምብራ ቢገባበት ፕሮቲኑ ይጨምራል። ቃሪያ በጥሬው ከጎን ሲበላ ደግሞ ቫይታሚን ሲ ስላለው ሰውነት በእህሉና በምስሩ ውስጥ ያለውን ብረት በተሻለ እንዲጠቀም ያግዛል።

ወጥ ሲያድር

ወጥ፣ ሽሮ፣ ሩዝና መኮሮኒ እርጥብ ናቸው፤ ባክቴሪያን የሚያግድ በቂ ኮምጣጣነትም የላቸውም። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። አንዳንዶቹ መፍላትን የሚቋቋም ስፖር አላቸው፤ ምግቡ ቀስ ብሎ ሲበርድ ከስፖሩ ነቅተው ይበዛሉ። በሩዝና በመኮሮኒ ላይ የሚያድገው አንዱ ዓይነት የሚተወው መርዝ ዳግመኛ ቢሞቅም አይጠፋም። «ጠዋት አፍልቼዋለሁ፣ ምንም አይሆንም» የሚለው አባባል ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ማፍላት ሕያዋኑን ይገድላል እንጂ ሌሊቱን የተጠራቀመውን መርዝ አይመልሰውም።

ስለዚህ የተረፈው ወጥ ከእሳት በወረደ በ2 ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ። ትልቁን ድስት እንዳለ ከማስገባት ይልቅ በዝርግ ዕቃ ከፋፍለው ያስገቡት፤ ቶሎ ይበርዳል። እዚያም ከ3 እስከ 4 ቀን በላይ አይቆይ። ሲያሞቁ ዳር ዳሩ ሳይሆን መሃሉ እስኪንተከተክ ያማስሉት። መብራት ከሄደ በሩ ካልተከፈተ ማቀዝቀዣው ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል።

ማቀዝቀዣ ከሌለዎት ትርፍ ወጥ አለመሥራት ይሻላል። ምስሩንና ክኩን በደረቁ ያስቀምጡ፤ በዱቄት ያለ ሽሮ ለወራት ይቆያል፣ ሲፈለግም ቶሎ ይደርሳል። በትልቅ ድስት ሠርቶ ሦስት ቀን እያሞቁ መብላት ከሰል የሚቆጥብ ይመስላል፤ አንድ ሕፃን ተቅማጥ ከያዘው ግን የተቆጠበው ሁሉ ለሕክምና ይሄዳል። በመግቢያው ላይ ያነሣነው ከትናንት ማታ ጀምሮ ድስት ውስጥ የቆየው ምስር ወጥም ይጣላል፤ ያሳዝናል፣ ግን ይጣላል። በወጥ ተፈትፍቶ ያደረ እንጀራንም እንደ ወጥ ይቁጠሩት።

የልጆች ምሳ ዕቃም በዚሁ ሕግ ይዳኛል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ለብ እንዳለ የተቋጠረ መኮሮኒ በ6 ሰዓት ሲከፈት 5 ሰዓት ሞላው። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝ ወይም ደረቅ ያለ የእንጀራ ፍርፍር ለምሳ ዕቃ የተሻለ ነው።

ድንቹ፣ ዳቦውና በርበሬው

ትንሽ ያበቀለ ድንች ጠንካራ ከሆነ ቡቃያውና አረንጓዴው ክፍል በጥልቀት ተቆርጦ ይበላል። በብዛት አረንጓዴ የሆነ፣ የተጨማደደ ወይም የሚመር ከሆነ ይጣል፤ ሶላኒን የተባለው መርዙ በመቀቀል አይጠፋም። ያበቀለ ሽንኩርት ጉዳት የለውም። የደረቀ ዳቦ ሻጋታ ከሌለው ለዳቦ ፍርፍር ወይም ለፉል ማባያ ይሆናል።

በርበሬና ሽሮ ዱቄት እርጥበት እንዳይነካቸው ይጠንቀቁ፤ እርጥብ ማንኪያ አያስገቡ። ከአዲስ አበባ በተሰበሰቡ የሽሮና የበርበሬ ናሙናዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት በከፊሎቹ ውስጥ አፍላቶክሲን አግኝቷል። የጓጎለ ወይም የሻጋታ ሽታ ያለው በርበሬ ታምሶ አይድንም። የሚመር ወይም የጠቆረ ለውዝም እንደዚሁ።

የተበላሸ ምግብ ከበሉስ?

ትውከትና ተቅማጥ ከጀመረ ዋናው አደጋ የሰውነት ፈሳሽ ማለቅ ነው። አንድ ፓኬት ለምለም (ኦአርኤስ) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው በትንሽ በትንሹ ይጠጡ፤ የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥ። ለሚጠባ ሕፃን ጡት አይቋረጥ። ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለ፣ የጠጡት ሁሉ ከተመለሰ፣ ሽንት ከቀነሰ ወይም ሕፃኑ ዓይኑ ከጎደጎደና ከደከመ ሳይዘገዩ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያን፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ግን እነዚህን ምልክቶች ሳይጠብቁ ቀደም ብለው ቢታዩ ይመረጣል።