የልጅዎ አንገት ካበጠ «እንቅርት ነው» ብለው አይለፉት

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው አባባል እንቅርት በአገራችን ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ያሳያል። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂም ሆነ በባቱ የሚኖሩ ወላጆች የልጃቸው አንገት ሲያብጥ ዝም ብለው ሊያልፉት ይችላሉ። በአዮዲን እጥረት የሚመጣ እንቅርት በአብዛኛው ካንሰር አይደለም። ሆኖም በልጆች የታይሮይድ ዕጢ ላይ የሚወጣ ጉብታ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከአዋቂዎች ይበልጣል።

ጉብታው ከጠነከረ፣ በፍጥነት ካደገ፣ በአንገት ጎን ንፍፊት ካለ፣ ድምፅ ከጎረነነ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረ ልጅዎን ሳይዘገዩ ያስመርምሩ። አያምም ብለው አይዘናጉ። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ያየዋል፤ ካስፈለገም በቀጭን መርፌ ናሙና ይወስዳል።

ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው። ብዙውን ጊዜ ዕጢው በሙሉ ይወጣል፤ በሽታው የደረሰባቸው ንፍፊቶችም አብረው ይወጣሉ። ከዕጢው ጀርባ የድምፅ ነርቮችና የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠሩ አራት ትንንሽ ዕጢዎች ስላሉ ሥራው ልምድ ያለው ባለሙያ ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ከተጻፈልዎ መንገዱ አይታክትዎ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የልጁ ከንፈር ወይም ጣት ከደነዘዘ ወዲያው ለሐኪሙ ይንገሩ።

ዕጢው በሙሉ የወጣለት ልጅ የሆርሞን እንክብል በየቀኑ፣ በባዶ ሆድ፣ ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ዕድገቱም ትምህርቱም ይጎዳል። ለአንዳንዶች ደግሞ የራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሕክምና ይጨመራል።

ወላጆች ተስፋ አይቁረጡ። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ፓፒላሪ የተባለው ዓይነት ወደ ንፍፊት ከተሰራጨ በኋላ እንኳ ተገቢው ሕክምና ከተደረገለት አብዛኞቹ ልጆች ይድናሉ።