ሐሳብ የነጋዴን ሰውነት እንዴት ይጎዳል?

ነጋዴ በየዓመቱ ዕቃውን ይቈጥራል፤ ገቢውንና ወጪውንም ያመዛዝናል። የገዛ ሰውነቱን ሁኔታ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። የብድር መክፈያ ቀን ሲቃረብ፣ ዕቃ በጉምሩክ ሲዘገይ፣ ወይም የገበያ ዋጋ ሲወድቅ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ጉዳቱ በገንዘቡ ላይ ብቻ የሚደርስ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በሰው አካል ውስጥ ያለ ፈቃዳችን የሚሠራ የነርቭ ሥርዓት አለ። ከዚሁም አንዱ ክፍል ሰውነትን ለአደጋ ያስነሣል፤ ሌላው ያሳርፋል። ሰው በሌሊት ጅብ ቢያጋጥመው አንጎል በፊተኛው ክፍል በኩል ትእዛዝ ይልካል፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎችም አድሬናሊን የተባለውን ቅመም ወደ ደም ያፈሳሉ። ያን ጊዜ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ ጉበትም ለጡንቻዎች ስኳር ያቀርባል፤ የሆድ ሥራ ግን ይዘገያል።

አሜሪካዊው ሊቅ ዋልተር ካነን የድመትን ጨጓራ በኤክስሬይ ሲመረምር፣ ድመቲቱ በተሸበረች ጊዜ የጨጓራዋ እንቅስቃሴ ቀጥ ማለቱን ተመለከተ። ፍርሃትና ቍጣ በሰውነት ላይ የሚያመጡትን ለውጥም እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቷል። እንግዲህ ስለ ሒሳብ እየተከራከረ ምሳውን የሚበላ ነጋዴ ሆዱን ቢያመው የሚያስደንቅ አይደለም።

ይህ የሰውነት ዝግጅት ለአጭር ጊዜ ሲሆን ሕይወትን ያድናል፤ ጅቡ ከሄደ በኋላ የሚያሳርፈው ክፍል ተራውን ይይዛልና። ዕዳ ግን እንደ ጅብ በንጋት አይሸሽም፤ ከባለቤቱ ጋር አልጋ ድረስ ይገባል። ጭንቀቱ ለወራትና ለዓመታት ሲቆይ እንቅልፍ ይታወካል፣ ቍጣ ይበዛል፣ የማስታወስ ኀይል ይደክማል፤ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመምም ያጋልጣል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የተፈረመ ውል ጸጸትን ቢያስከትል፣ ጉዳቱ ለቤተ ሰብና ለሠራተኞች ጭምር ይተርፋል።

ስለዚህ ክቡራን ነጋዴዎች የሚከተሉትን ቢያስቡባቸው መልካም ነው። በማዕድ ጊዜ የሒሳብ መዝገብ ይዘጋ። የነገው ሥራ ከመኝታ በፊት በወረቀት ይጻፍ። ከቀትር በኋላ ቡና ይቀነስ፤ በየቀኑም በእግር መሄድ ይለመድ። ሐሳብ ሲበረታ ትንፋሽን በዝግታ ማስወጣት የሚያሳርፈውን ነርቭ ይረዳል። የደም ግፊት በተለያዩ ቀኖች ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ቢገኝ ሐኪምን ማማከር ይገባል፤ ደረትን አጥብቆ የሚይዝ ሕመም ሲሰማ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

የዘንድሮን ኪሳራ የከርሞ ትርፍ ሊያካክሰው ይችላል። ለዚህም በቅድሚያ ነጋዴው ራሱ በጤና ከርሞ መገኘት አለበት።